ኔትወርክ ሲኖር ዜጋ፣ ኔትወርክ ሲጠፋስ?

“ኦንላይን ግባና ሙላ።”

ከመንግስት ቢሮ መስኮት የሚወረወር መልስ በየዘመኑ ይለያያል። ድሮ “ነገ ና” ነበር። ቀጥሎ “ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው” መጣ። ከዚያ “ሲስተም የለም” ተለመደ። አሁን ደግሞ “ኦንላይን ግባና ሙላ” ላይ ደርሰናል። መቼም ዕድገት ነው። ልዩነቱ ግን ይኼ ነው፤ “ነገ ና” ያለህን ሰው ነገ ተመልሰህ ፊቱን ታየዋለህ፣ ትለምነዋለህ፣ ካስፈለገም ትጣላዋለህ። ኦንላይንን ግን “ኧረ ጌታዬ፣ ስለ እግዜር ብለህ” አትለውም።

ቴክኖሎጂ የሚጠላ ሰው ፅሁፍ እየጀመራችሁ እንዳይመስላችሁ። ወረፋ የሚወድ ሰው አላውቅም፤ እኔም አልወድም። ፓስፖርት ለማውጣት ከባህር ዳር አዲስ አበባ ድረስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ መንገላታት ቀርቶ ከቤት ሆኖ ማመልከት ቢቻል ማን ይጠላል? ክርክሬ ሌላ ነው፣ ባጭሩም ይኸው፦ ዜግነቱን የሚያሳይ ሰነድ የሚጠይቅ ሰው በወረቀት ላመልክት ወይስ በኢንተርኔት የሚለውን የሚመርጠው ራሱ አመልካቹ መሆን አለበት። መንግስት ሊመርጥለት አይገባም። በተለይ ደግሞ ኢንተርኔቱን በፈለገ ሰዓት መዝጋት የሚችል መንግስት ሊመርጥለት አይገባም።

ይኼን የምለው ባህር ዳር ላይ ቆሜ ነው። ኢንተርኔት ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ለማስረዳት ከኛ የተሻለ ምስክር የለም።

ዜግነት ከየት ይመጣል?

መጀመሪያ ሕጉን እናንሳ፤ ብዙ ሰው ዜግነት ከቢሮ የሚሰጥ ይመስለዋል።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግስት አንቀፅ 6 ወላጆቹ ወይም ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። አንቀፅ 33 ደግሞ ማንም ኢትዮጵያዊ ያለፈቃዱ ዜግነቱን ሊገፈፍ አይችልም ይላል። የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ይኼንኑ ያፀናል። ሌላው ቀርቶ አገር ውስጥ ተጥሎ የተገኘ፣ ወላጆቹ የማይታወቁ ሕፃን እንኳ ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ ኢትዮጵያዊ እንደሆነ ይቆጠራል። ቅፅ መሙላት የማይችል፣ ኢሜይል የሌለው፣ ስሙንም የማያውቅ ሕፃን በሕጉ ፊት ዜጋ ነው። ሕጉ በዚህ ያምራል።

በማመልከቻ ዜግነት የሚያገኙም አሉ። የውጭ አገር ሰው ኢትዮጵያዊ ለመሆን ከፈለገ ቢያንስ 4 ዓመት እዚህ መኖር፣ ከአገሪቱ ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት፣ በቂና ሕጋዊ ገቢ ማሳየት፣ ሌሎች መስፈርቶችንም ማሟላትና በመጨረሻ የታማኝነት ቃለ መሃላ መፈፀም አለበት። ኢትዮጵያዊ ወይም ኢትዮጵያዊት ላገባ ሰው ጊዜው ያጥራል፤ ትዳሩ 2 ዓመት ከሞላውና ቢያንስ 1 ዓመት እዚህ ከኖረ ማመልከት ይችላል። ቃለ መሃላን መቼም በፒዲኤፍ ልጫን የሚል የለም። ዜግነት በአካል የሚገባ ቃል ኪዳን መሆኑ የታወቀ ነው።

እንግዲህ እኛ፣ ከኢትዮጵያዊ የተወለድነው፣ ዜግነት ለማግኘት አናመለክትም። ዜጋ መሆናችንን ለማሳየት ግን ዕድሜ ልካችንን ስናመለክት እንኖራለን። የልደት ሰርተፍኬት፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ ፓስፖርት። ወረቀቱ ዜግነቱን አይፈጥረውም፤ ወረቀቱ ከሌለ ግን ዜግነቱ ኪስ ውስጥ እንደተረሳ ያረጀ ብር ነው። አለህ፣ ግን ምንም አትገዛበትም። ስለዚህ የወረቀቱ በር ሲጠብ የሚጠበው ዜግነቱ ራሱ ነው።

ከኦንላይኑ ስር ወረቀት አለ

ዛሬ ፓስፖርት የሚፈልግ ሰው ማመልከቻውን የሚጀምረው በኢንተርኔት ነው። ቅፁን ይሞላል፣ የልደት ሰርተፍኬቱንና የታደሰ የቀበሌ መታወቂያውን ፎቶ አንስቶ ይጭናል፣ ይከፍላል፣ ቀጠሮ ይይዛል፣ ከዚያ በአካል ቀርቦ አሻራና ፎቶ ይሰጣል። ጥሩ። ግን ልብ በሉ፤ የሚጫነው ምንድን ነው? ወረቀት። ማህተም ያለበት፣ በእስክሪብቶ የተፈረመ የቀበሌ ወረቀት። ዘመናዊነቱ ያለው ጣራው ላይ ብቻ ነው፤ መሰረቱ ያው የቀበሌ ፅህፈት ቤት ነው።

ያ ቀበሌ ደግሞ ታሪኩ ይታወቃል። የከተማ ቀበሌዎች ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግስት ባደረገበት አዋጅ ቁጥር 47/1967 የመጡ ናቸው። የቀበሌ መታወቂያ ከጅምሩም ከቤት ጋር የተጋባ ነገር ነው። የቤት ቁጥር ያለው ሰው መታወቂያ አለው፤ የቤት ቁጥር የሌለው ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ደግሞ ባለ ቤት ቁጥር ፍለጋ ይንከራተታል። በጣና ዳር ታንኳ እየሰሩ ዘመናት የኖሩትን የነገደ ወይጦ ማህበረሰብ ሰዎች አስቡ። ከተማዋ ከተማ ሳትሆን ሐይቁ ዳር የነበሩ ሰዎች ናቸው። መሬቱ በስማቸው ካልሆነ፣ ቤታቸው ካልተመዘገበ ግን ከተማው ውስጥ እንግዳ የሚባሉት እነሱ ናቸው። ለእንዲህ ያለ ሰው “ኦንላይን ግባና ሙላ” ማለት መሰላሉን ከሁለተኛው ደረጃ ጀምረህ ውጣ እንደማለት ነው። የመጀመሪያው ደረጃ የለም።

የልደት ምዝገባውም እንዲሁ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጣ፤ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ግን ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በዚያው በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ከመቶ ሦስት! ከዚያ ወዲህ ምዝገባው ጨምሯል፤ ግን ዛሬ ፓስፖርት የሚያወጣው ወጣት ያኔ ከተወለዱት ሕፃናት ሁሉ ቀድሞ የተወለደ ነው። የልደት ሰርተፍኬቱን ያገኘው ወይም የሚያገኘው ካደገ በኋላ፣ ምስክር ቆጥሮ፣ ቀበሌ ተመላልሶ ነው።

እስቲ አንዲት የደቅ ደሴት ልጅ እናስብ። ለምሳሌ ያህል ነው፤ ስም አንሰጣትም። ጥቅምት 5 ቀን 1997 ዓ.ም. ተወለደች። ወረቀቶቿን ይዛ በጀልባ ጣናን አቋርጣ ባህር ዳር ትወርዳለች። “ኦንላይን” ትባላለች። ኢሜይል የላትም፣ ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው፣ ስለዚህ ኢንተርኔት ቤት ትገባለች። የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ በራሱ ኢሜይል፣ በራሱ ስልክ ይሞላላታል። ፓስፖርት ላይ የሚታተመው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ እሷ አታነበውም፣ እሱ እንደመሰለው ይፅፈዋል። ፓስፖርት ላይ የሚታተመው ቀንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 5፣ 1997 በፈረንጅ ኦክቶበር 15፣ 2004 መሆኑን አስልቶ ካስገባ ተመስገን። ሰልፍ በዝቶበት “5/2/1997” ብሎ ከመታው ግን ልጅቷ በአንድ ጠቅታ ከ7 ዓመት ተኩል በላይ አረጀች። ስህተቱን የምታውቀው ቀጠሮዋ ደርሶ፣ ጀልባዋን ተሳፍራ መጥታ፣ “ይኼ ከልደት ሰርተፍኬትሽ ጋር አይገናኝም” ስትባል ነው። ለማስተካከል ደግሞ እንደገና መመላለስ። የማመልከቻዋ መልዕክት የሚደርሰው ደግሞ ያ ልጅ ስልክ ላይ ነው፤ እሱ ሱቁን ዘግቶ ጎንደር ሄዷል።

የወረቀት ማመልከቻ ቢኖር ኖሮ ይኼ ስህተት አይፈጠርም አልልም። ፀሐፊም ይሳሳታል። ግን ቅፁ በአማርኛ፣ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ መስኮቱ ላይ ደግሞ መንግስት ደሞዝ የሚከፍለው ሰው ይኖራል። ሲሳሳት ተጠያቂ አለ። የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ግን የማንም ሰራተኛ አይደለም፤ መንግስት ስራውን ሳይቀጥረው ያሸከመው ምስኪን ነው።

መዝጊያው በማን እጅ ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ኦንላይን ብቻ የሚል አሰራር የሚቆመው “ኢንተርኔት አለ” በሚል እምነት ላይ ነው። ይኼን እምነት ለባህር ዳር ሰው ንገሩትና ሲስቅ ታያላችሁ።

ከላይ የጠቀስኩትን ቀን አስታውሱ፤ የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በማግስቱ ነሐሴ 1 ቀን ባህር ዳር ሰልፍ ወጣች፣ ጥይት ተተኮሰ፣ የብዙ ወጣቶች ደም ፈሰሰ። በዚያው ቅዳሜና እሁድ ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። አገሪቱ “ስትወለድ እመዘግብሃለሁ” ባለች ማግስት የሞቱትን ቆጥሮ ለዓለም የሚናገርበት መስመር እንኳ አልነበረም።

ቀጥሎ በ2009 ዓ.ም. ለአገር አቀፍ ፈተና ተብሎ ተዘጋ። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. እዚሁ ከተማችን የክልሉ መሪዎች ተገደሉ፤ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለቀናት ጠፋ። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነቱ ዘመን ስልክም ኢንተርኔትም አጥታ ኖረች። ከዚያ ተራው የኛ ሆነ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆየ።

ለወራት! በነዚያ ወራት የአንድ ክልል ሕዝብ ዜግነቱ አልተቋረጠም፤ አንቀፅ 6 ስራ ላይ ነው። ዜግነቱን የሚያሳይበት በር ግን በእጁ ካለው ስልክ ላይ ተነቅሏል። ትምህርት ዕድል ያገኘ ተማሪ፣ ለህክምና የሚወጣ በሽተኛ፣ ለስራ የሚሰደድ ወጣት ምን ያድርግ? የተረፈ ገመድ ያለው ሆቴል ወይም ቢሮ ይፈልግ፤ ወይ አዲስ አበባ ያለ ዘመዱን በስልክ “እባክህ ሙላልኝ” ይበል። የይለፍ ቃሉን፣ የእናቱን ስም፣ የልደት ቀኑን በስልክ እያነበበለት። እንግዲህ “ዲጂታል ኢትዮጵያ” ማለት ይኼ ነው።

አንዳንዱ “የፀጥታ ችግር ሲኖር መዘጋቱ የግድ ነው” ይለኛል። ግድ ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው። የሚዘጋ ከሆነ ግን ይኼን ያህል ቀላል ነገር ይቀበል፦ ልትዘጋው የምትችለውን በር ብቸኛ በር አታድርገው። ቤት ስትሰራ ከውጭ የሚቆለፍ አንድ በር ብቻ የምታደርግ ከሆነ የሰራኸው ቤት አይደለም፤ ሌላ ነገር ነው።

“ወረቀት እኮ ጉቦና ደላላ ነው!”

ይኼ ከሚቀርቡት ክርክሮች ሁሉ ጠንካራው ነው፤ አልሸሸውም።

እውነት ነው፤ ወረቀት ቅዱስ አይደለም። “ፋይልህ ጠፍቷል” የሚባለው ወረቀት ስለሆነ ነው። መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል በእግሩ አይሄድም፤ ብር ሲሸተው ይነሳል፣ ካልሸተተው ይተኛል። የቀበሌ መታወቂያ ደግሞ ለብዙ ዓመት “ብሔር” የሚል መስመር ይዞ ኖሯል፤ በዚያች አንዲት መስመር ምክንያት በየኬላው ሰው ከመኪና ሲወርድ ያየን ትውልድ ነን። ፋይዳ ይኼን መስመር አለመያዙ ትልቅ ነገር ነው፤ ሊመሰገን ይገባዋል። ወረቀት የሚያመጣውን አደጋ ሌላ ታሪክም ያስተምረናል። በ1985 ዓ.ም. በኤርትራ ሪፈረንደም ለመምረጥ የተመዘገቡ ብዙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሳ ያ የምርጫ ምዝገባ የሌላ አገር ዜጋ ናችሁ ለማለት ማስረጃ ተደረገ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተነቅለው ተባረሩ። ለአንድ ነገር የሞላኸው ወረቀት ለሌላ ነገር ሲነበብ እንዲህ ነው።

ታዲያ ኦንላይን ይኼን ፈወሰው? በጭራሽ። ያኔ ዝርዝር ለማውጣት መዝገብ መገልበጥ ነበረበት፤ ዛሬ አንድ ቁልፍ መንካት ይበቃል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱ ደግ ነው፤ አዋጁ በተግባር ሲሰራ ማየት ግን ገና ይቀረናል።

ደላላውስ? ደላላው ከወረፋው ተነስቶ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ እንጂ አልጠፋም። በ2016 ዓ.ም. የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ሰራተኞችና ኃላፊዎች በሙስና ተጠርጥረው መያዛቸው በይፋ ሲነገር ማመልከቻው በኦንላይን ነበር። ቀጠሮ የሚባል ነገር ካለ ቀጠሮ የሚሸጥ ሰው አይጠፋም። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ደግሞ የፓስፖርት ክፍያ ተሻሻለና መደበኛው 5,000 ብር፣ በ5 ቀን የሚደርሰው 20,000 ብር፣ በ2 ቀን የሚደርሰው 25,000 ብር ሆነ። ፍጥነት በገንዘብ እንደሚገዛ በደረሰኝ ተረጋገጠ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ “ኦንላይን ድሃና ሀብታምን እኩል ያደርጋል” የሚለኝ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

ጉቦን የሚገድለው ኮምፒውተር አይደለም። ጉቦን የሚገድለው ሦስት ነገር ነው፦ ማመልከቻህን ተቀብያለሁ የሚል ደረሰኝ፣ መልስ የሚሰጥበት የታወቀ ቀን፣ እምቢ ከተባለ ደግሞ በፅሁፍ የተሰጠ ምክንያት። እነዚህ ሦስቱ ካሉ ወረቀትም ንፁህ ነው። ከሌሉ ኦንላይኑም ያው ቀበሌ ነው፤ ልዩነቱ ወንበሩ ላይ ሰው አለመኖሩ ነው።

ፋይዳ ዜግነት አይደለም

እዚህ ላይ የተደበላለቀ ነገር ስላለ እናጥራው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ያመጣው ፋይዳ የነዋሪነት መለያ ነው። አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ይወስዳል፣ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ይሰጣል። እዚህ የሚኖር የውጭ ዜጋም ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ ፋይዳ “ይኼ ሰው ማን ነው?” ለሚለው መልስ ይሰጣል፤ “ይኼ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው?” ለሚለው አይሰጥም።

ግን ኑሮው በሌላ መንገድ እየሄደ ነው። ባንክ ፋይዳ ይጠይቃል፣ አገልግሎቱ ሁሉ አንድ በአንድ ወደዚያው እየተሳበ ነው። ሕጉ ነዋሪነት ይበለው እንጂ ፋይዳ የሌለው ሰው በተግባር ግማሽ ዜጋ እየሆነ ይሄዳል። ፋይዳን አታውጡ እያልኩ አይደለም፤ አውጡ፣ ጠቃሚ ነው። ግን ጣቱ በስራ ብዛት የተላጠ ዓሣ አጥማጅ፣ ዓይኑ በሞራ የተጋረደ የዘጌ አዛውንት ማሽኑ “አላወቅሁህም” ቢለው ኢትዮጵያዊነቱን ማሽኑ እንዳልሰጠው ማሽኑም እንደማይነጥቀው የሚያውቅ ሰው መስኮቱ ላይ መኖር አለበት።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ?

“በሰለጠነው ዓለም ሁሉም ኦንላይን ነው” የሚል ካለ ዋሽንግተን ያለ ዘመዱን ይጠይቅ። የአሜሪካ ዜግነት ማመልከቻ በወረቀትም በኦንላይንም ይቀርባል። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በወጣው ተመን በኦንላይን 710 ዶላር፣ በወረቀት 760 ዶላር ነው። ኦንላይን የሚመርጠውን በ50 ዶላር ያባብሉታል፤ ወረቀት የሚመርጠውን ግን በሩን አይዘጉበትም። ያ ዘመዳችን የአሜሪካ ዜጋ ሲሆን በኛ አዋጅ ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል፣ ከዚያ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሰረት ቢጫ ካርድ ይዞ ይመጣል። እንግዲህ ይታያችሁ፤ ኢትዮጵያዊነቱን የሚተወው ሰው በምን እንደሚያመለክት ምርጫ አለው፤ ኢትዮጵያዊ ሆኖ የቀረው የለውም።

ወረቀትም ኮምፒውተርም ብቻቸውን እንደማያድኑ ሁለት አገሮች ያሳዩናል። እንግሊዝ ከካሪቢያን የመጡ ሰዎች ወደ አገሩ ሲገቡ የተሞሉ የወረቀት ካርዶችን እ.ኤ.አ. በ2010 አስወገደች፤ በ2018 ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያ የኖሩ ሽማግሌዎች “መቼ ገባችሁ? ማስረጃ አምጡ” እየተባሉ ስራና ህክምና መከልከላቸው ገሃድ ወጣ። የሕንድ አሳም ግዛት ደግሞ ሕዝቡ እሱ ወይም ወላጆቹ እ.ኤ.አ. ከማርች 25፣ 1971 በፊት እዚያ እንደነበሩ እንዲያስረዳ ጠየቀ። ኮምፒውተር በሽ ነበር። በኦገስት 2019 የመጨረሻው ዝርዝር ሲወጣ ከ1.9 ሚሊዮን በላይ ሰው ከዝርዝሩ ውጭ ቀረ። ብዙዎቹ የቀሩት በስም አፃፃፍ ልዩነትና በጎደለ ወረቀት ነው። ሙሐመድ በአንዱ ሰነድ እንዲህ፣ በሌላው እንዲያ ተፅፎ። የኢንተርኔት ቤቱን ልጅ አስታወሳችሁት?

ትምህርቱ አንድ ነው። አደጋው የማስረዳቱ ሸክም በሙሉ ሰውየው ትከሻ ላይ ሲወድቅ ነው። መንግስት መዝገቡን ራሱ ይይዛል፣ ራሱ ያጠፋል፣ ራሱ ይዘጋል፤ ከዚያ “አሳየኝ” ይልሃል።

እና ምን ይደረግ?

ማማረር ብቻ እንዳይሆን የምንጠይቀውን በግልፅ እናስቀምጥ።

አንደኛ፣ ባህር ዳርን ጨምሮ በሁሉም የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ የወረቀት ማመልከቻ የሚቀበል መስኮት በመመሪያ ይከፈት፤ ዋጋውም ከኦንላይኑ አይብለጥ። በኦንላይን የፈለገ በኦንላይን ይሙላ። ምርጫው የአመልካቹ ይሁን።

ሁለተኛ፣ የወረቀት ቅፁ በአማርኛና በክልሉ ቋንቋዎች፣ ቀኑም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን። ወደ ፈረንጅ መቀየር የመንግስት ስራ ነው፤ የኢንተርኔት ቤት ስራ አይደለም። ከመታተሙ በፊት ደግሞ ለባለቤቱ ይነበብለት።

ሦስተኛ፣ ማመልከቻው በምንም መንገድ ይግባ፣ በዕለቱ ቁጥርና ቀን ያለው ደረሰኝ ይሰጥ።

አራተኛ፣ ኢንተርኔት በተዘጋበት አካባቢ የቀጠሮም የጊዜ ገደብም ቆጠራ ይቁም። የዘጋው አካል ያለፈውን ቀን በአመልካቹ ላይ አይቁጠርበት። ይኼ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው፤ ሐፍረት ብቻ ይበቃል።

አምስተኛ፣ እምቢታ በፅሁፍና በምክንያት ይሁን። ይኼ ችሮታ አይደለም፤ የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል መስሪያ ቤቶች ለሚሰጡት ውሳኔ ምክንያት እንዲሰጡ ያስገድዳል፣ በውሳኔው ያልተስማማ ሰውም ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲሄድ መንገድ ይከፍታል። አዋጁ አለ። እኛ ግን “ሪጀክትድ” የሚል አንድ ቃል ስክሪን ላይ አይተን አንገታችንን ደፍተን እንወጣለን። ፍርድ ቤት “ሪጀክትድ” የሚለውን የስክሪን ፎቶ ይዘህ ስትሄድ ምን ብለህ ትከራከራለህ? ምክንያቱ የሌለበትን እምቢታ ይግባኝ ማለት ጨለማ ውስጥ ቦክስ መሰንዘር ነው።

ስድስተኛ፣ ፋይዳ የሌለው ወይም ማሽን አሻራውን ያላነበበለት ሰው በምስክርና በሌላ ሰነድ የሚስተናገድበት መንገድ ክፍት ይሁን።

ለኛ ለባለ ስማርት ስልኮቹ

የመጨረሻው ነገር ለመንግስት አይደለም። ለኛ ነው።

ኦንላይን ብቻ የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ መጀመሪያ የምናጨበጭበው እኛ ነን። ገባን፣ ሞላን፣ ከፈልን፣ በ20 ደቂቃ ጨረስን፤ “አገር ሰለጠነች” አልን። ከዚያ እናታችን ስትጠራን ለእሷ ሞላንላት። ጎረቤት መጣች፣ ለእሷም። አክስት ከገጠር ደወለች፣ ለእሷም። እያንዳንዳችን የአንድ ሰፈር ኢሚግሬሽን ሆነናል። ደስ ይላል፣ መረዳዳት ወጋችን ነው። ግን አንድ ነገር አስቡ፤ እናታችን ዜጋነቷን ለማሳየት የኛ ደግነት ካስፈለጋት ያ መብት ምን ዓይነት መብት ነው? ልጅ የሌላትስ? ልጇ በተዘጋ መንገድ ማዶ ያለባትስ?

በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. እኛም ባለ ስማርት ስልኮቹ ከአክስቶቻችን ጋር እኩል ሆነን ነበር። ስልካችን ፎቶ ማንሻና የእጅ ባትሪ ብቻ ሆኖ ቀረ። ያኔ ገብቶን ነበር። ኔትወርኩ ሲመለስ የረሳነው እንደሆነ በሚቀጥለው መዘጋት ማንንም መውቀስ አንችልም።

ስለዚህ ቀጣዩ ቅርንጫፍ፣ ቀጣዩ ቢሮ “ከዛሬ ጀምሮ ኦንላይን ብቻ” ብሎ ሲለጥፍ አታጨብጭቡ። “የወረቀቱስ መስኮት የቱ ጋ ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። ለራሳችሁ ባያስፈልጋችሁም ጠይቁ። ዜግነት ከአባትና ከእናት የወረስነው እንጂ ከቴሌ የገዛነው ጥቅል አይደለም፤ ሲያልቅ አይሞላም፣ ሲዘጉትም ሊዘጋ አይገባም።